የተከፈተ መዝገብና የታሸገ ደብዳቤ

ንግድ በዕቃና በገንዘብ ብቻ የሚካሄድ ሥራ አይደለም፤ በመልእክትም የሚካሄድ ነው። ቡና ላኪው ለውጭ አገር ገዢ የሚያቀርበው ዋጋ፣ አስመጪው ከፋብሪካ የሚቀበለው ፕሮፎርማ፣ ባለሱቁ ከጅምላ ሻጩ ጋራ የሚስማማበት የዱቤ ቀጠሮ፣ እነዚህ ሁሉ ዕቃው ከመጋዘን ከመንቀሳቀሱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይመላለሳሉ። ጽሑፉ በተወዳዳሪ እጅ ቢገባ ትርፍ ይቀራል፤ በሌባ እጅ ቢገባ ግን ዋናው ገንዘብ ራሱ ይጠፋል። በዛሬው ጊዜ ይህ መልእክት በአብዛኛው የሚመላለሰው በእጅ ስልክ ላይ በተጫነ መተግበሪያ ስለሆነ፣ ነጋዴው መልእክቱን ለማን አደራ እንደሚሰጥ ጠንቅቆ ማወቅ ከሥራው አንዱ ክፍል ሆኗል።

ስልክ ከስልክ ጋራ በቀጥታ አይነጋገርም። በመካከላቸው መልእክቱን ከላኪው ተቀብሎ ለተቀባዩ የሚያደርስ ሰርቨር የሚባል ኮምፒዩተር አለ። ሲግናል የተባለው የመልእክት አገልግሎት፣ ይህ ሰርቨር የሚሠራበትን ሶፍትዌር ማንም ሰው እንዲያነበው በይፋ አውጥቶታል። ይህ ሲነገር በነጋዴው ዘንድ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይታያሉ። አንዳንዱ «አሠራሩ ለሁሉ የተገለጠ ነገር እንዴት ምሥጢር ይጠብቃል?» ብሎ ይሸሸዋል፤ ሌላው ደግሞ «ሁሉም ነገር ግልጥ ከሆነ ሥጋት የለም» ብሎ ያለ ጥንቃቄ ያምነዋል። ሁለቱም ጥያቄውን በትክክል አላቀረቡም። አስተዋይ ነጋዴ ስለ ማናቸውም መልእክት አድራሽ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ምሥጢር እንደማያወጣ ቃል ገብቷልን?» የሚል አይደለም፤ «ቢፈልግ፣ ቢገደድ ወይም ቢዘረፍ፣ ሊያወጣው የሚችለው ምን በእጁ አለ?» የሚል ነው።

የአገልግሎቱ መነሻ በአሜሪካ ነው። ሞክሲ ማርሊንስፓይክ በሚል ስም የታወቀው የኮምፒዩተር ባለሙያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2013 ኦፕን ዊስፐር ሲስተምስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ሲግናል በሚል ስም የተጠራው መተግበሪያም በ2014 ወጣ። (ከአዋጅ ቁጥር በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በ2018 ከዋትስአፕ መሥራቾች አንዱ የሆነው ብራያን አክተን 50 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ገንዘብ አቀረበ፤ ሥራውም ለትርፍ ባልተቋቋመው በሲግናል ፋውንዴሽን ሥር እንዲተዳደር ተደረገ። ድርጅቱ ትርፍ የሚያከፋፍላቸው ባለአክሲዮኖች የሉትም፤ ማስታወቂያም አይሸጥም።

አሠራሩን በንግድ ቋንቋ መግለጽ አያስቸግርም። ላኪው መልእክቱን ጽፎ እንደጨረሰ፣ ስልኩ ራሱ መልእክቱን በምስጠራ ይቈልፈዋል። የሚከፍተው ቁልፍ የሚገኘው በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ሰርቨሩ የተቈለፈውን ጥቅል ይቀበላል፤ የተቀባዩ ስልክ ዝግ ከሆነ እስኪከፈት ድረስ ያቈየዋል፤ ካደረሰው በኋላም ከራሱ ላይ ያጠፋዋል። እንግዲህ ሰርቨሩ የታሸገ ኮንቴይነር ከወደብ ወደ መጋዘን እንደሚያደርስ ትራንዚተር ነው። ሣጥኑ ያልፍበታል፤ በውስጡ ያለውን ግን አያይም። ተቀባዩ ስልኩን በዘጋበት ሰዓት እንኳ ላኪው ይቈልፍለት ዘንድ፣ እያንዳንዱ ስልክ ለመቈለፍ እንጂ ለመክፈት የማያገለግሉ ቁልፎችን አስቀድሞ በሰርቨሩ ዘንድ ያስቀምጣል። ሰርቨሩም ለጠየቀው ላኪ እነዚህን ያድላል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ትንሽ ብትመስልም ነገሩ ኋላ በእርሷ ላይ ይመጣል።

ይህ አሠራር በፍርድ ቤት ፊት ተፈትኗል። በ2016 በአሜሪካ በቨርጂኒያ ምሥራቃዊ ክፍል የነበረ የፌዴራል መርማሪ ሸንጎ፣ ስለ ሁለት የስልክ ቍጥሮች ያለውን መረጃ ሁሉ እንዲያቀርብ ድርጅቱን በመጥሪያ አዘዘው። ድርጅቱ ሕጉን አክብሮ መልስ ሰጠ፤ ነገር ግን ያቀረበው ነገር፣ የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ሆኖ የተገኘው አንዱ ቍጥር የተመዘገበበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋራ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር። የመልእክት ቃል፣ የወዳጆች ዝርዝር፣ የቡድን ስም አልቀረበም፤ በእጁ ስለሌለ ነው። በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ድርጅቱ ትእዛዝ አለመጣሱ ነው። ታማኝነቱ በጀግንነት ላይ የተመሠረተ ቢሆን ኖሮ፣ አስተዳዳሪ በተለወጠ ጊዜ አብሮ ይለወጥ ነበር። በባዶ ካዝና ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ግን ማን ቢመጣ ያው ነው።

«አሠራሩ ለሌባም ይገለጣል» ለሚለው ሥጋት መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ የቈየ ነው። በ1883 ኦጉስት ኬርኮፍስ የተባለው ሊቅ ስለ ጦር ሠራዊት ምስጠራ በፈረንሳይኛ ባሳተመው ጽሑፍ፣ የምስጠራው ዘዴ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጕዳት የማያመጣ ሊሆን እንደሚገባው አስገንዝቧል። ምሥጢሩ በቁልፉ እንጂ በቍልፍ አሠራሩ ላይ ሊመሠረት አይገባም ማለት ነው። የካዝና ሠራተኛ የካዝናውን ንድፍ ለሕዝብ ቢያሳይና ባለሙያዎች ሁሉ መርምረው ጕድለት ቢያጡበት፣ ንድፉን ከደበቀው ሰው ይልቅ የሚታመን እርሱ ነው። የሲግናል ሰርቨር ሶፍትዌር ጃቫ በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ ኤጂፒኤል በተባለ ፈቃድ በነፃ ይገኛል። በፈቃዱ መሠረት ማንም ሰው ሶፍትዌሩን ማንበብ፣ መቅዳትና ማሻሻል ይችላል፤ አሻሽሎ በኔትዎርክ አገልግሎት ቢሰጥበት ግን ያሻሻለውን ለተጠቃሚዎቹ የመግለጥ ግዴታ አለበት።

ይሁን እንጂ የተከፈተ መዝገብ ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ መለየት ያስፈልጋል። ኦዲተር የሚመረምረው የቀረበለትን መዝገብ ነው፤ በጓዳ ሌላ መዝገብ አለመኖሩን በዚያው መዝገብ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። እንደዚሁም ሶፍትዌሩ መታተሙ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ በዚህች ሰዓት የሚሠራው በእርግጥ ያው የታተመው ስለመሆኑ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። ይህም በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። ከ2020 ሚያዝያ አካባቢ ጀምሮ እስከ 2021 ሚያዝያ ድረስ፣ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ለሕዝብ የተገለጠው የሰርቨሩ ሶፍትዌር ሳይታደስ ቈየ፤ በውስጥ ግን ሥራው ይቀጥል ነበር። አዲሱ በተገለጠ ጊዜ፣ በመካከሉ ሞባይልኮይን በተባለ ዲጂታል ገንዘብ የመክፈያ ዘዴ ሲዘጋጅ እንደነበር ታወቀ። የአገልግሎቱ ወዳጆች የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ወቀሱት፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር፤ ሒሳቡን በየጊዜው ለማሳየት የተነሣ ሰው ለአንድ ዓመት ቢያዘገይ ጥርጣሬ ማስነሣቱ አይቀርም።

ነገር ግን በዚያ ዓመት ውስጥ መዝገቡ ስለተዘጋ ብቻ የታሸገው ደብዳቤ አልተከፈተም። የሚቈልፈው ሥራ የሚፈጸመው በሰርቨሩ ሳይሆን በስልኩ ላይ ነውና። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። የሰርቨሩ መገለጥ መልካም ምስክር ነው፤ የምሥጢሩ ጠባቂ ግን በሁለቱ ዳር ያሉት ስልኮች ናቸው። ምስክርን ከጠባቂ ያልለየ ነጋዴ፣ ምስክሩ በቀረ ቀን ያለ ምክንያት ይደነግጣል፤ ጠባቂው በተኛ ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት ይዘናጋል።

ጠባቂው የሚተኛበት መንገድ ወዴት እንደሆነ በውጭ ንግድ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሌባው በሻጩ ወይም በገዢው የኢሜይል ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሳይታይ ደብዳቤዎቹን ያነባል፤ ክፍያው በደረሰበት ሳምንት «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» የሚል አንድ አጭር መልእክት በሻጩ ስም ይልካል። ገንዘቡ በትክክለኛ ሰነድና በትክክለኛ መጠን ወደ ተሳሳተ ሒሳብ ይሄዳል። ለዓመታት የተከማቸ ካፒታልና በብዙ ድካም የተገኘ የውጭ ምንዛሪ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ከዚያም በኋላ ሻጭና ገዢ እርስ በርሳቸው ይካሰሳሉ።

ከላይ የተጠቀሰችው የቁልፍ ማደል ነጥብ እዚህ ላይ ትመለሳለች። ቁልፍ የሚያድል ሰርቨር እምነት ቢያጓድል ወይም ቢጠለፍ፣ የወዳጅ ነው ብሎ የሌላ ሰው ቁልፍ ሊያድል ይችላል። ይህን ለመከላከል ሲግናል ለእያንዳንዱ ጥንድ ተነጋጋሪ 60 አኃዝ ያለው የደኅንነት ቍጥር አዘጋጅቷል። ሁለቱ ሰዎች በአካል ሲገናኙ፣ ወይም ድምፃቸውን በሚለዩበት የስልክ ጥሪ፣ ቍጥሩ በሁለቱም ስልክ ላይ አንድ መሆኑን ቢያመሳክሩ፣ በመካከላቸው ሌላ ሰው አለመግባቱ ይረጋገጣል። ቍጥሩ በድንገት ቢለወጥ ተቀባዩ ስልክ ለውጦ ይሆናል፤ ሌላ ሰው ገብቶም ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ ከእንዲህ ያለ ለውጥ በኋላ የሚመጣ የሒሳብ ቍጥር በድምፅ ሳይረጋገጥ ሊከፈልበት አይገባም።

የመልእክት አገልግሎቶቹን እርስ በርስ ማነጻጸርም ተገቢ ነው፤ በኢትዮጵያ ገበያ ብዙ የሚሠራባቸው ቴሌግራምና ዋትስአፕ ናቸውና። ቴሌግራም የመተግበሪያውን ኮድ ቢገልጥም የሰርቨሩን አልገለጠም። ከዚህም የሚበልጠው ነገር፣ የተለመደው የቴሌግራም ንግግርና የቡድን መልእክት በድርጅቱ ሰርቨሮች ላይ የሚቀመጥ መሆኑና መክፈቻውም በድርጅቱ እጅ መኖሩ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚቈለፈው፣ ተጠቃሚው ራሱ መርጦ የሚከፍተው «ምሥጢራዊ ንግግር» የተባለው የሁለት ሰዎች መነጋገሪያ ብቻ ነው። በመስከረም 2024 ድርጅቱ ደንቡን አሻሽሎ፣ የአገልግሎቱን ሕግ የሚጥሱ ሰዎችን የስልክ ቍጥርና የኢንተርኔት አድራሻ በሕጋዊ ጥያቄ ለባለሥልጣኖች እንደሚሰጥ አስታውቋል። በዚህ ሕግ አክባሪ ነጋዴ የሚደነግጥበት ምክንያት የለም፤ ትምህርቱ ግን ግልጥ ነው። በእጅ ያለን ነገር ስለመስጠትና አለመስጠት የተጻፈ ደንብ፣ ጻፊው በወደደ ጊዜ ሊለወጥ ይችላል።

ዋትስአፕ በበኩሉ የሲግናልን የምስጠራ ዘዴ ተቀብሎ፣ ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ የተጠቃሚዎቹን መልእክት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ይቈልፋል። ሆኖም የሰርቨሩ ሶፍትዌር ለሕዝብ አልተገለጠም፤ ማን ከማን ጋራና መቼ እንደተነጋገረ የሚያመለክተው መረጃም ከድርጅቱ ዕይታ ውጭ አይደለም። ለአንድ ላኪ የገዢዎቹ ስም ዝርዝር ከደብዳቤው ቃል የማያንስ ሀብት መሆኑን ማንም አይስተውም። ነገር ግን የዕቃ ሥዕልና የችርቻሮ ዋጋ ለሕዝብ ለማስታወቅ ምስጠራ አያሻም። ለአደባባይ ነገር አደባባይ፣ ለጓዳ ነገር ጓዳ መምረጥ ነው።

ሲግናልም ከችግር ነፃ አይደለም። ድርጅቱ በኅዳር 2023 በገለጠው ሒሳብ፣ ለሰርቨር፣ ለኔትዎርክና ለመሳሰለው ብቻ በዓመት 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያወጣል፤ ከዚህም 6 ሚሊዮን ያህሉ አዲስ ተጠቃሚ ሲመዘገብ ለሚላከው የማረጋገጫ አጭር መልእክት የሚከፈል ነው። በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት ሁሉ የሚከፍልለት አንድ ሰው አለ፤ ስጦታው ቢቀንስ አገልግሎቱ ምን እንደሚሆን የሚያስብ ነጋዴ ተሳሳተ አይባልም። ደግሞም ሰርቨሮቹ የተቀመጡት ከሌሎች ኩባንያዎች በተከራዩት ቦታ ነው። በ2025 ጥቅምት 20 ቀን የአማዞን ኩባንያ የኮምፒዩተር አገልግሎት በተቋረጠ ጊዜ ሲግናልም አብሮ ተቋርጧል። በነሐሴ 2022 ደግሞ የማረጋገጫ ቍጥር የሚልክለት ትዊሊዮ የተባለው ኩባንያ በመጠለፉ፣ 1,900 ያህል የሲግናል ተጠቃሚዎች ስልክ ቍጥር ለሥጋት ተጋልጧል። የመልእክቶቹ ቃል ግን አልተነካም፤ በዚያ አልነበረምና።

ከሁሉ የሚብሰው አደጋ ግን ከቅጂው የሚመጣ ነው። ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ በመሆኑ፣ ሌላ ሰው ወስዶ የራሱን መተግበሪያ ሊሠራበት ይችላል። ቴሌሜሴጅ የተባለ ኩባንያ የሲግናልን መልክ የያዘ፣ ነገር ግን የእያንዳንዱን መልእክት ግልባጭ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚልክ መተግበሪያ አዘጋጅቶ ለደንበኞቹ ያቀርብ ነበር፤ በአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣኖችም እጅ ተገኝቷል። በግንቦት 2025 ያ የግልባጭ ሰርቨር ተጠልፎ ከመልእክቶቹ አንዳንዶቹ በሌላ ሰው እጅ ገቡ፤ ኩባንያውም አገልግሎቱን አቋረጠ። ቍልፉ አልተሰበረም፤ በጓሮ በኩል ሁለተኛ በር ተከፍቶ ነበር እንጂ። ስለዚህ ነጋዴው መተግበሪያውን ከታወቀው ምንጭ ብቻ መጫን ይገባዋል፤ «የተሻሻለ» ተብሎ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቅጂ የታወቀ ማኅተም የሌለው ዕቃ ነው።

ሰርቨሩን ራሱ በእጁ ማድረግ የሚሻ ትልቅ ድርጅትም ይኖራል። የሲግናል ሰርቨር ቢነበብም በግል ተክሎ ከዋናው አገልግሎት ተጠቃሚዎች ጋራ መገናኘት አይቻልም። ለዚህ ዐይነቱ ፍላጎት ማትሪክስ የተባለው ሥርዓት ይሻላል፤ ሲናፕስ የተባለውን ክፍት ሶፍትዌር በራስ ኮምፒዩተር ላይ ተክሎ ሌሎች ከተከሉት ሰርቨር ጋራ መልእክት መለዋወጥ ይቻላልና። የፈረንሳይ መንግሥት በ2019 ለሠራተኞቹ ያወጣው ቻፕ የተባለው አገልግሎት በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁንና የራስ መጋዘን የራስ ዘበኛ ይፈልጋል። ጠንቃቃ ባለሙያ ሳይቀጥር ሰርቨር የሚተክል ድርጅት፣ ከሌላ ሰው ካዝና አውጥቶ በራሱ መስኮት ላይ እንዳስቀመጠ ሰው ነው።

ምስጠራ ለኮንትሮባንድና ለግብር ስወራ ይረዳል የሚሉም አሉ። ክፉ ሰው በማናቸውም መሣሪያ መጠቀሙ አይካድም። ነገር ግን የነጋዴ ምሥጢር ከተወዳዳሪና ከሌባ የሚጠበቅ እንጂ ከሕግ የሚሸሸግ አይደለም። የሒሳብ መዝገብ መያዝ የንግድ ሕግ ግዴታ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና በመስጠቱም፣ በስልክ የተጻፈ ስምምነት ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መልእክት በራሱ ጊዜ እንዲጠፋ የሚያደርገውን ዘዴ በውል፣ በዋጋና በማስረከቢያ ቀን ላይ የሚጠቀም ነጋዴ፣ ክርክር በተነሣ ቀን የሚጐዳው ራሱን ነው። በሲግናልም ግልባጭ ያልተያዘለት ስልክ ቢጠፋ ደብዳቤውም አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር በአራት ቃል ይጠቀለላል። አንደኛ፣ ነጋዴው የሚጠቀምበት አገልግሎት መልእክቱን ከዳር እስከ ዳር የሚቈልፍ መሆኑንና ሰርቨሩ ምን ምን እንደሚያስቀር አስቀድሞ ይወቅ። ሁለተኛ፣ ከዋና ደንበኛው ጋራ የደኅንነት ቍጥር ያመሳክር፤ የሒሳብ ለውጥ በደረሰው ጊዜም ቀድሞ በሚያውቀው የስልክ ቍጥር ደውሎ በድምፅ ሳያረጋግጥ አይክፈል። ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው በስሙ እንዳይመዘገብ የምዝገባ መቈለፊያ ቍጥር ያኑር፤ ከስልኩ ጋራ የተገናኙትን ኮምፒዩተሮች በየጊዜው ይመርምር፤ ሠራተኛም ሲሰናበት ግንኙነቱን በዚያው ቀን ያቋርጥ። አራተኛ፣ ውሉንና የክፍያውን መልእክት ገልብጦ በፋይሉ ያኑር።

ከእነዚህ አንዱም ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። ደኅና ነጋዴ ሚዛኑን በየጊዜው ያስመረምራል፤ መጋዘኑን በሁለት ቍልፍ ይዘጋል፤ ለዘበኛው ደመወዝ ይከፍላል። ለዕቃው ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፣ ዕቃውን ለሚያንቀሳቅሰው ቃል ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይገባውም። በሰርቨሩ እጅ የሌለ ምሥጢር ከሰርቨሩ አይወጣም፤ በነጋዴው እጅ ያለውን ግን የሚጠብቀው ነጋዴው ራሱ ነው።